ፊርማ ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው
ልጄ ሌፍ፣ በእንግሊዝ ሰማይ የጌታ እጅ ከበላይህም ከበታችህም ይሁን። እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ገና በረዶ ነው፤ አባትህንም ሳሉ አልለቀቀውም።

ማክሰኞ ከፊልም ኩባንያህ አንድ ሰው መጥቶ፣ "እናቴ፣ ልጄ ይመለስልኝ ብለው ይፈርሙ። ጄኔራሎቹ እንዲህ ያለ ዝነኛ ተዋናይ ቦምብ ሲጥል እንዲሞት አይፈልጉም" አለኝ። ብዕሩን አነሳሁ። በአውሮፕላንህ ላይ ተኳሽ የሆነው የአርኔ እናት ቲልዳ ግን አጠገቤ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል፣ "ፈርሚ እንጂ፤ እኔ ብሆን እፈርም ነበር" አለችኝ።

ለአርኔ የሚፈረም ወረቀት ግን አልመጣም ነበር። መፈረምም ብዕሩን ማስቀመጥም አቃተኝ። ሰውየው ባቡሩ እንዳያመልጠው ትቶኝ ሄደ። አሁን የቲልዳንም ፊት፣ ያንተንም ፎቶ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሹራብህን ከውስጥ ልበስ። አብሮ ያወጣችሁ አምላክ አብሮ በሰላም ያውርዳችሁ። እባክህ ልጄ፣ አርኔን አንተው ራስህ እናቱ በር ድረስ አምጣልኝ።

እናትህ ኢንግሪድ