ጸበሉና ሁለተኛው ዲስክ

ህዳር 3
ከቢሮ በጊዜ ወጣሁ። ለካ ከዊንዶውስ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነገር አለ... ሊኑክስ ይሉታል፣ በነጻ። እስከ ዛሬ የት ነበርኩ? ባልደረባዬ ባጫ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ሃርድ ዲስክም ጨመረልኝ። የቤታችን ኮምፒውተር ግን የታላቅ ወንድሜ የአክሊል የእንጀራ ገመዱ ነው፤ የቤት ፕላን ይሠራበታል። ለመንኩት። «የእኔን ዲስክ እንዳትነኪ እንጂ፣ በራስሽ እንደፈለግሽ።»

ህዳር 5
ዲስኬን ሰካሁ፣ ጫንኩ። ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ምርጫ መጣ። የእኔ ወይስ የእሱ? የእኔ! አንዱን ስነካ ሌላ ይከፈታል... ይሄ ሁሉ ምንድነው? የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ሳልገጥም ተኛሁ።

ህዳር 6
የቁስቋም ንግሥ። እማዬ ጸበል ይዛ መጥታ እንደ ልማዷ ቤቱን ሁሉ ረጨች። ክፍቱን ኮምፒውተርም። ደግነቱ ጠፍቶ ነበር። ዲስኬ ላይ ጠብታ ሳይ ነቅዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ማታ አክሊል ሲከፍት፣ ዲስክ አልተገኘም የሚል እንግሊዝኛ ብቻ። ከነገ ወዲያ የሸጎሌውን ቤት ፕላን ለደንበኛው ለአቶ ቶለሳ ማስረከብ አለበት። እማዬ ጥግ ይዛ «የልጄን እንጀራ፣ በገዛ እጄ...» ትላለች። አንጀቴን በላችው።

ህዳር 7
ቆይ ግን... ጸበሉ ያረፈው የእኔ ላይ ነው። የእሱ ደረቅ ነበር። ታዲያ ለምን እምቢ አለ? ባጫ ጋ ደወልኩ። ማስነሻውን፣ ያን ምርጫ የሚያመጣውን፣ የትኛው ዲስክ ላይ እንደጫንኩት ጠየቀኝ። የትኛው? ስጭን ኮምፒውተሩ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ «ቀጥል» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ለካ ማስነሻው የአክሊል ዲስክ ላይ ተጽፏል፤ የቀረው ክፍሉ የእኔ ላይ ነው። የእኔን ስነቅል የእሱም መነሳት አቃተው። አትንኪ ያለኝን ነክቻለሁ።

የደረቀውን ዲስኬን መለስኩት። ምርጫው መጣ። የእሱን መረጥኩ። ፕላኑ እንዳለ አለ... እፎይ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ደርቆ ዳነ ማለት ነበር። እማዬን ሳያት ግን አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ጸበሉ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አክሊል ትኩር ብሎ አየኝና ወጣ። እማዬ ደጋግማ እጇን አየች።

ህዳር 10
አክሊል ፕላኑን በሰዓቱ አስረክቧል። እኔን ግን ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። ተሰምቶኛል፤ ይገባኛልም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ በእኔ ዲስክ ተነሥቷል። አክሊል ፊት ለፊቱ፣ እማዬ አጠገቡ ወንበር ስባ። አንዱን ነክቶ ሌላ ይከፍታል። ቀና ሳይል ጠራኝ።

«ነይ እስኪ... ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?»