ኦርጋኑ የቆመ ዕለት

ሰኔ ማለቂያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ከቤታችን

ለሳቂታዋ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት? አጎትሽስ ወገቡ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር ምንም አላመመኝም። እሱም ቢሆን ከትናንት ወዲህ መልኩን ቀይሯል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ላይ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብለሽ እልም ትያለሽ፤ ይሄ ደግሞ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ወሬ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት አለ። እሱን ቀድመሽ እንዳታዪ፣ በተራ እንሂድ። ምን አደከመኝ፣ ይሄኔ አውጥተሽ አንብበሽዋል።

ትናንት ትምህርት ቤታችን ለክረምት ተዘጋ። ያ ምክትል ርዕሰ መምህራችሁ፣ ሲጥሲጥም ጡረታ ወጣ።

«እማዬ፣ እሳቸው በይ እንጂ» እንዳትዪኝ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ ከወንበሬም ብድግ እልለታለሁ። እዚህ ቤቴ ውስጥ ግን እሱ ነው፣ ሲጥሲጥ ነው። ስሙን እናንተ ተማሪዎቹ ናችሁ ያወጣችሁለት፤ እግዜር ይስጣችሁ።

ታሪኩን ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሳልደግመው አይወጣልኝም። አምና የመዝጊያው ልምምድ ላይ አንዷ ጉደኛ ከኋላው ሆና አረማመዱን ቀዳችበት። ጫማው ሲጥ ሲል እሷም በአፏ ሲጥ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ዞር ሲል ሁሉም አፉን ገጠመ፤ አንቺ ብቻ አቃተሽ። ምን ታደርጊ፣ ሳቅሽ የአባትሽ ነው። ነፍሱን ይማረውና እሱም አንዴ ከጀመረው ለቅሶ ቤት ውስጥም ቢሆን አያቆመውም ነበር። «ያላገጥሽብኝ አንቺ ነሽ» አለሽ። «አይደለሁም» አልሽ። «ታዲያ ማን ናት?» ሲልሽ ዝም አልሽ። ለእኔም እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠይቅሽም። በዚያ ዝምታሽ ከግቢው አስወጣሽ። የምረቃ ጋዋንሽ ተተኩሶ ከመኝታ ቤትሽ በር ኋላ እንደተሰቀለ ቀኑ አለፈ፤ ያቺ ጉደኛ ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ተመረቀች።

ፈተናሽን ጨርሰሽ ስለነበር ውጤትሽን መንካት አልቻለም። የመልካም ጠባይ ማስረጃሽን ግን አልፈርምም ብሎ ቀረ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ካልፈረመ ማንም አይፈርምም። እዚያ አጎትሽ ከተማ ያለው ኮሌጅ ደግሞ ያለ እሱ አልመዘግብም አለ፤ አንቺም ያንን ጭንቅላት ይዘሽ አጎትሽ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ሻማ ስትሸጪ ከረምሽ። «ዘንድሮም ካላቀረብኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል» ያልሽኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና ያጠብኩትን ሰሃን ሁሉ እንደገና አጠብኩት።

ስንት ጊዜ ቢሮው እንደሄድኩ አልነግርሽም፤ ታፍሪብኛለሽ። የመጨረሻው ከመዘጋቱ በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያቺ የፕላስቲክ አበባ አሁንም አለች፤ አቧራዋን እንኳን የሚጠርግላት የለም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈታ ለአዲሱ ምክትል ሊያስረክብ ያዘጋጃል። «ጋሼ፣ እንግዲህ ሊሄዱ ነው፤ የልጄን ነገር ፈርመውልኝ ቢሄዱ» አልኩት።

ቀና እንኳን አላለም። «ልጅሽ ጥፋቷን ተቀብላ በእጇ ጽፋ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ያኔ እፈርማለሁ።»

«ያላደረገችውን ጥፋት ጋሼ?»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው እህቴ። ለአንቺ ልጅ ብዬ ብለውጠው ሌላው ምን ይላል?»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ያቺን እሺ ስል ጥርሴ ሊሰበር ምንም አልቀረው። እሱም ከኋላዬ ወጥቶ በኮሪደሩ ሲጥ ሲጥ እያለ አለፈኝ። ያኔ ነው የቆረጠልኝ። ወረቀቱን ካጣን አጥተነዋል፤ ይሄ ሰውዬ ግን እንዲሁ በጭብጨባ አይሄዳትም አልኩ።

በነጋታው ሲስተር ርዕሰ መምህርቷ ጠርተው የበዓሉን ፕሮግራም ሰጡኝ። ጡረታ የሚወጣ ሰው እንደ ደንባችን ከአዳራሹ የኋላ በር ተነስቶ በመሃሉ መተላለፊያ ብቻውን እስከ መድረኩ ይሄዳል፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው ኦርጋን እመታለታለሁ። «ለእሳቸው የሚገባቸውን ዜማ ምረጪ» አሉኝ ሲስተር። «እሺ ሲስተር፣ የሚገባቸውን ነው የምመርጠው» አልኳቸው። ምርጫዬ ምን መሰለሽ? በሩ ጋ ሲገባ በደማቁ እጀምርለትና መሃል ሲደርስ እጄን አነሳለሁ። በቃ። አዳራሹ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ምንጣፍ የለውም። ወላጁ፣ ካህኑ፣ ተማሪው ሁሉ ያንን ጫማ ይስማው። ልጄን ያስወጣበትን ጫማ እሱም ራሱ ይስማው።

ለላይብረሪያኗ ወዳጄ ብቻ ነገርኳት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጠዋት ቅዳሴ ታጅቢያለሽ፣ ከሰዓት ሰው ታዋርጃለሽ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አልኳት።

«በይ በተረት አትደብድቢኝ» ብላ ሻይዋን ቀዳች። ተይ ግን አላለችኝም፤ እሷም በጣም ትወድሻለች።

እሺ፣ ትናንት ደረሰ። ጠዋት በቤተ ጸሎቱ የመዝጊያው ቅዳሴ ሆነ። እንደ ልማዳችን፣ ላረፉት መምህራን ጸሎት ሲደርስ ዜማውን ከመሃሉ ቀጥ አደረግኩት፤ ልጆቹም ብድግ ብለው በዝምታ ጸለዩ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የማስተምራቸው ይሄንን አይደል? ኦርጋኑ መሃል ላይ ሲቆም ትነሳላችሁ፣ እስኪቀጥል ድምፅ አይሰማ። አንቺንም እንደዚሁ ነው ያስተማርኩሽ። ይሄንን እንግዲህ ጠዋት በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ። ንዴት ሰውን እንዴት እንደሚያሳውር ከዚህ ተረጂ።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ወላጆች በየግድግዳው ቆመዋል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ማይክራፎኑ ይጮሃል። ተመራቂዎቹ ጋዋናቸውን ለብሰው ገቡ፤ እነሱን አላየኋቸውም፤ ጣቶቼን ነው ሳይ የነበረው። ሽልማቱ አለቀ፣ ንግግሩ አለቀ። ከዚያ ሲስተር «አሁን ዕድሜያቸውን የሰጡንን አባት እንሸኛለን» አሉ። የኋላው በር ተከፈተ።

አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጫማው ግን ያው ነው፤ ወልውሎት ያብረቀርቃል። ደማቁን ዜማ ጀመርኩለት። ጭብጨባው ቀለጠ። ደረቱን ነፍቶ እየመጣ ነው፤ በግራ በቀኝ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። መሃል ደረሰ። እጄን አነሳሁ።

ጭብጨባው ተቆረጠ። ሲጥ። ሲጥ። ሲጥ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እንዲያ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቷል። አሁን ይስቁበታል፣ አሁን ይፈነዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላ ወንበሮቹ ሲንኳኩ ሰማሁ። ዞር ብል ተማሪው ሁሉ ብድግ ብሏል! እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀጥ! ለካ ኦርጋኑ መሃል ላይ ቆሟል። እነሱን ያየ ወላጅም ተነሳ፣ ካህኑም ተነሱ፣ ሲስተርም መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሱ። ለማንም ተደርጎ የማያውቅ ክብር፣ ለሲጥሲጥ! በማን? በእኔ በሞኟ!

ላይብረሪያኗ ከጎኔ ቆማ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቋን በመሐረብ አፍናለች። እኔ ቆሽቴ አርሮ ዜማውን መቀጠል ሁሉ ረሳሁ። ስለዚህ ያንን መንገድ በሙሉ እስከ መድረኩ ድረስ በዝምታ ሄደ፤ ሕዝቡም አንገቱን እንደደፋ ቆየለት። መድረኩ ላይ ሲደርስ ያዘጋጀውን ንግግር ከኪሱ አወጣና አየት አድርጎ መልሶ ከተተው። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ ተቀመጠ። እናቶች እንባቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ በንዴት።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን የኦርጋኑን ሽፋን ላለብስ ጎንበስ ስል ያንን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁት። መጣና እጁን ዘረጋልኝ። «እህቴ፣ ለዛሬው አመሰግናለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም። ምን ላድርግልሽ?»

የዘረጋውን እጅ አልጨበጥኩም። ከዜማ ቦርሳዬ ውስጥ ያንን ማስረጃሽን አወጣሁና ኦርጋኑ ላይ ዘረጋሁለት። «ይቺን ይፈርሙልኝ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየው። ይቅርታ ስለመጠየቅ ምንም አላነሳም። እስክሪብቶውን አወጣ፤ «ጠባይ» ከሚለው ጎን «እጅግ መልካም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፤ ማኅተሙም ገና አልተረከቡትም ነበርና ከኪሱ አውጥቶ መታልኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳን አልጠበቅኩም፤ ቀማሁት ብል ይሻላል። ደረቴ ላይ ለጥፌ ከያዝኩት በኋላ ነው ምላሴ የተፈታው።

«አሁን ይስሙኝ ጋሼ። ያ ዝምታ ለክብር አልነበረም። ሕዝቡ ጫማዎን እንዲሰማው ብዬ ነው ያቆምኩት። እንዲሳቅብዎ ነው የፈለግኩት። ልጆቹ በስህተት ስለተነሱ ነው እርስዎ የተረፉት።»

አልኩት፤ አንዲት ቃል ሳላስቀር። ፊቱ ሲገረጣ ለማየት ነበር የቆምኩት። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ያንን ነው።

አልገረጣም። ጫማውን ጎንበስ ብሎ አየው። «አውቃለሁ» አለኝ። «ከመሃል ጀምሮ እየሰማሁት ነው የሄድኩት። ለካ ተማሪዎቹ ሲጥሲጥ የሚሉኝ ለዚህ ነው።» ከዚያስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለካስ ያስቃል።»

እያወቀ ነው የፈረመው። ገባሽ? እያወቀ! ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ሲጥ ሲጥ እያለ በዚያው መተላለፊያ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ በጫማው ጫፍ ወለሉን ረገጥ አደረገ፣ ድምፁን ሰማውና ቀለል አለው መሰለኝ ቀስ ብሎ ሄደ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳቅ ያዘኝ። የአባትሽና የአንቺ ዓይነት፣ የማይቆመው። በዚያ ባዶ አዳራሽ ሆዴን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ብቻን መሳቅ ግን እንዴት ያስጠላል መሰለሽ።

እንግዲህ ወረቀትሽ ይኸውልሽ። ኮሌጁ ሲከፈት ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ለማንም አደራ አትስጪ። አጎትሽን አመስግኚልኝ፤ ለሱቁ ሌላ ሰው እንዲያስብ አሁኑኑ ንገሪው።

ይቅር አልኩት ብለሽ ግን እንዳታስቢ። ላይብረሪያኗ «አሁንስ በቃሽ፣ ሰውዬው ተሸንፏል» ትለኛለች። አልበቃኝም። በቀሌን እንኳን በደንብ ሳልበላው ከአፌ ነጠቀኝ፤ ይሄም ሌላ በደል ነው። ደግሞስ የተበደልሽው አንቺ ሆነሽ እኔ ብቻዬን እንዴት እምረዋለሁ? ያ የኔ ሥልጣን አይደለም። ኮሌጁ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ቀን ካለሽ ብቅ በይና ቁጭ ብለን እንመክርበት፤ እንማረው ካልሽ እንምረዋለን፣ አይ ካልሽም ቂሙን አብረን እንይዘዋለን። ጋዋንሽን ዛሬ ጠዋት አውርጄ ድጋሚ ተኮስኩት። አቧራ ስለያዘ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰው፣ ከሥርዓት አዋቂም ይጠብቅሽ። ሳቅሽን ማንም አያስቁምብሽ፤ አሜን በይ።

የምትናፍቅሽ... የለም፣ ይሄን ሰርዢው፤ ታመመች ብለሽ ትጨነቂያለሽ።

እናትሽ