የአባባ ሦስት ማሾዎች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሊምባኒ፣

ከሐይቁ ዳር የተነሳው ናፍቆቴና ሰላምታዬ ጆሃንስበርግ ድረስ ይግባልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ታማንዳስ ወገቧን ተሻላት? የልጆቹ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሰኞ አባባን ዓይን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ ለጓደኛዋ «የሽማግሌው ሴሎች ዝም ብለዋል» ስትል ሰማሁና ተመስገን አልኩ፤ ዝምታ ሰላም መስሎኝ። ሐኪሟ ግን አስቀመጠችኝ። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉ ሴሎች አሉ፤ ጨለማ ሲሆን ለጎረቤቶቻቸው ያለ ፋታ ይለፈልፋሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ዝም ይላሉ፤ ጎረቤቶቹም ከዝምታው ተረድተው ወሬውን ወደ አንጎል ያሳልፋሉ አለችን። እኔ ብርሃን ሲመጣ የሚጮኹ ነበር የሚመስለኝ። አባባን ግን ምንም አልደነቃቸው። «የኔ ቀዛፊዎች ናቸዋ! ማሾ ተለኩሶ ዓሣ ሲመጣ ማን ትንፍሽ ይላል?» አሉ።

ሐኪሟ ሳቀችና «ማታ የሚያሳዩዎት ሴሎች ግን ሞተውብዎታል፣ አባቴ። ብርሃን መጣም ሄደም ዝም ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው በምን ይለዩት?» አለቻቸው።

ጋሼ፣ ክው ነው ያልኩት! ስድስት ነፍስ ጭነው በየማታው ታንኳ የሚመሩት ሰው፣ ለካስ ጨለማ ውስጥ የሐይቁን ቋጥኝ አያዩም! አምና ከጎረቤት ታንኳ ጋር ሲላተሙ በመጠጥ አሳብበን ተውነው። «ይሄ ማሾ ደከመ» እያሉ አንዱን ሦስት ያደረሱትስ? ኡሲፓ ደግሞ ብርሃን የሚወድ ዓሣ ነው። መንደሩ አባባን «የቺርዋ እጅ የተባረከ ነው» ሲል የኖረው፣ ሰውየው ስለማያዩ ነው።

ማታ መውጣቱን ይተዉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አኩርፈው ታንኳዋን ሰጡኝ። ረቡዕ እኔ መራሁ። ብርሃኑ ዓይኔን ቢወጋኝ ሁለቱን ማሾ አጠፋሁ። ቋጥኙን አንድ በአንድ አየሁት፤ ዓሣ ግን አላየሁም። ቀዛፊዎቹ ባዶውን መረብ እየጠቀለሉ፣ «አንተ ልጅ፣ እኛን የራበን ቋጥኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። በማግስቱ ሄደው አባባን «ይመለሱልን» ብለው ለመኗቸው። ቋጥኙን ብነግራቸው «እሳቸው ሲመሩን መቼ ሰጠምን?» አሉኝ። አንተ በኩር ነህ፣ ቃልህን ይሰማሉ፤ እባክህ ሳይዘገይ ጻፍላቸው።

ታማንዳን ሳምልኝ። ለልጆቹ የደረቀ ዓሣ በአውቶቡስ ልኬያለሁ። እማማ «ብርድ እንዳይመታህ፣ ተሸፋፈን» ብላሃለች። እህታችን ዩዎ እጅ ነስታለች። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ አሁን በር ላይ ተቀምጠው ሦስቱን ማሾ እየወለወሉ ነው፤ ዛሬ ማታ ታንኳዋን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

ታናሽ ወንድምህ ዌዚ
ንካታ ቤይ፣ ዓርብ፣ ጁላይ 14