የተሰበረ ብርጭቆ፣ አይነካ

ውድ ወንድሜ፣ አማቼም ጓደኛዬም፣

ይህን ፖስታ ከመክፈትህ በፊት ገልበጥ አድርገህ ጀርባውን እንዳየኸው አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፌን ስታይ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ አሁን ምን ጠፋበት?» ሳትል አትቀርም። እውነትህን ነው። ዛሬ ግን የምጽፍልህ የጠፋው ተገኝቶ ነውና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሣጥኑ ተገኘ። ያ የዓይን ሐኪሙ የመነጽር መለኪያ ሣጥን፣ አንተ ከሆስፒታሉ አናጢነት ሥራህ የተባረርክበት፣ አንድም ሌንስ ሳይጎድል ተገኘ። የደበቀው ሰውም ታውቋል። ማንነቱን እዚሁ ላይ ብነግርህ በወጉ የምትሰማኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የእኔን ተጠራጣሪነት ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። እህትህን ላገባ ስል ለእናትህ «ጥላው ቢከተለው እንኳ ዞሮ ምን ፈልገህ ነው የሚል ሰው ነው፤ ግን ልቡ ደግ ነው» ብለህ የመሰከርክልኝ አንተ ነህ። የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት በእጄ ሲቆይ አንዲት መርፌ ያልጎደለችው በዚሁ ጠባዬ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ይህን አባባል እንደ ጸሎት ጠዋትና ማታ እደግመው ነበር።

የንብረት ክፍሉ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሰኞ ጠጋኞች ይመጣሉ ተባለ። የማላውቃቸው አራት ሰዎች፣ መሰላል ይዘው፣ በእኔ መደርደሪያዎች መሀል! ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ዕቃ ከቦታ ቦታ ሳዘዋውር ዋልኩ። ያን ቀን ራሴን ያመኝ፣ ላብም ያጠምቀኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ትኩሳቱ ጣለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላስታውሰውም፤ አንተ ታስታውሰዋለህ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት እየመጣህ ጨርቅ በውሃ እየነከርክ ግንባሬ ላይ ስታደርግ እንደነበር እህትህ ነግራኛለች።

ሆስፒታሉ ከንብረት ክፍል ጓንትና ፋሻ ሲፈልግ ቁልፉ ከእኔ ትራስ ሥር ነበር። ለነርሷ አልሰጥም፣ ለጸሐፊዋም አልሰጥም ብዬ በዚያ ሁሉ ትኩሳት መሀል እንኳ አሻፈረኝ አልኩ አሉ። አንተ እጅህን ስትዘረጋ ግን ሰጠሁህ። ከሰው ሁሉ ለአንተ ብቻ።

ድኜ ስመለስ ሣጥኑ የለም። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» እያለ ይሸኛል። ንብረት ክፍሉን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። ኮሚቴ ተቋቋመ። «አንተ ታመህ ሳለ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» ሲሉኝ፣ «አናጢው ጋ» አልኩ። ይሄ እውነት ነው። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ምናልባት በምክር ታልፈው ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ፈርሜ ስነሳ ማንም ሳይጠይቀኝ «መቼም ሰው አይታወቅም» አልኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀና ብሎ አየኝና እስክርቢቶውን መልሶ አነሳ። የገዛ አማቹ ከጠረጠረው ሌላው ምን ይበል? አንተ «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፤ ሣጥኑን ግን በዓይኔ አላየሁም» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመርክም። ዝምታህንም ጠረጠርኩት።

ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትል በራችን ላይ ቆመህ የተናገርከውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «እግዚአብሔር በዚህ ነገር ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ሥራውን የሚገልጥበት ቀን ግን አለው፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ። አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ፣ ያ ትኩሳት እንዳይመለስብህ።» እኔ ደግሞ በሆዴ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እያልኩ ነበር። በነጋታው የቤታችንን በር ቁልፍ አስቀየርኩ። የአንተ ቁልፍ ከእንግዲህ እንዳይከፍት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ጸለይኩ፤ ይሄን አትጠርጥረኝ። ጸሎቴ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ሌባውን አጋልጥልኝ።» እህትህ አጠገቤ ተንበርክካ አሜን ትላለች፤ አሜኗ ግን ከእኔ ጸሎት ጋር የሚሄድ አልመሰለኝም። አንድ ቀን ደግሞ የታጠፈ ወረቀት በጨው ቆርቆሮው ጀርባ ስትሸጉጥ አየኋት። ወንድምና እህት ተመካክረዋል፣ ሣጥኑ የተሸጠበትን ቦታ እየጻፈላት ነው ብዬ አሰብኩ። ግን አልጠየቅኳትም፤ እንደጠረጠርኩት ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። እሷ የሠራችልኝ ያ ግራጫ ሹራቤም በዚያው በታመምኩበት ሰሞን ከቤት ጠፍቶ ነበር። እሱንም ከማድረቂያው ገመድ ላይ የወሰዱት ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ናቸው ብዬ ሰላምታ ነሥቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ ባለፈው ማክሰኞ እንምጣ። አዲሱ ዳይሬክተር አሮጌ ዕቃ ሁሉ ተለይቶ ይጣል ብለው አዘዙ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እናታችን የምንላቸው፣ አንተ ከሠራኸው የላይኛው መደርደሪያ ጥግ አንድ ካርቶን አወረዱ። በላዩ በቀይ «የተሰበረ ብርጭቆ፣ አይነካ» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያ ዓመት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁሌም ካርቶኑን ገፋ አድርጌ ከኋላው ነበር የምፈልገው።

«ይጣሉት» አልኳቸው።

እናታችን ማንበብ አይችሉም። «ምንድን ነው ውስጡ?»

«የተሰበረ ብርጭቆ።»

ካርቶኑን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉት። «ታዲያ ለምንድን ነው የማይንኳኳው?»

«እርስዎ ደግሞ ነገር ይወዳሉ! ይጣሉት አልኩ እኮ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ስብርባሪ ስጠርግ ነው የኖርኩት። ይሄ የተሰበረ ነገር አይደለም» አሉና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ።

ልሰውረው የምፈልገው ነገር ያለ ይመስል በሩን ዘጋሁ። ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ የታየኝ ግራጫ ሹራቤ ነው። እጅጌው ላይ እህትህ የሳተችው ያ አንድ ጥልፍ ሳይቀር አለ። ሹራቡን ስገልጠው ሣጥኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያን ቅዳሜ ላብ ሲያጠምቀኝ አውልቄው ኖሮ፣ ሌንሶቹ እንዳይጋጩ በእሱ ጠቅልዬ፣ ሌባ እንዳይነካው በቀይ ጽፌ፣ ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ትኩሳቱ ይህን ሥራዬን ከራሴ ውስጥ ጠርጎ አውጥቶታል። በሕይወቴ ያልጠረጠርኩት አንድ ነገር ቢኖር የገዛ እጅ ጽሑፌን ነው።

ይኸውልህ ወንድሜ፣ የደበቀው እኔ ነኝ።

ወዲያው ሮጬ ለዳይሬክተሩ ነገርኩ ብልህ ደስ ባለኝ። አልነገርኩም። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ሣጥኑን የዓይን ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ «ለካ እዚሁ ነበር!» ብል ማን ያውቃል? እናታችን ያዩት ካርቶን ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ አጋልጥልኝ ስለው የኖርኩትን አምላክ፣ እባክህ ይሄ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር ስለው ትንሽም አላፈርኩም።

ያጋለጠኝ ሹራቡ ነው። በከረጢት ይዤው ገብቼ ልደብቀው ስል እህትህ አገኘችው። «ውይ፣ ተገኘ እንዴ! ከየት?» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምከሰው ሰው አጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። ወደ ጓዳ ገብታ ከጨው ቆርቆሮው ጀርባ አሥራ አንድ ደብዳቤ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ሁሉንም አነበብኳቸው። ስለ ሣጥን አንድ መስመር የለም። በእያንዳንዳቸው ላይ «ትኩሳቱ ተመልሶበታል ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። በስድስተኛው ላይ ደግሞ እንዲህ ብለሃል፤ «አትቀየሚው። እግዚአብሔር ይህን ነገር ሲገልጠው ከሁላችን ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ያን ቀን ብቻውን እንዳይሆን አብረሽው ሁኚ።» ቀና ስል አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እንዳልካት። አለቀስኩ፤ አልደብቅህም።

ታውቅ ነበር እንዴ? ጠርጥረኸኝ ነበር? ይሄን ሳልጠይቅህ አላርፍም።

በነጋታው ሣጥኑን፣ ካርቶኑንና ሹራቡን ተሸክሜ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ንጹሕ መሆንህን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አብሮ ተልኮልሃል፤ ማህተሙን ራሴ አይቼ አረጋግጫለሁ። ቦታህም ክፍት ነው ብለዋል፤ አልመለስም ብትል አልፈርድብህም። እኔን ወደ ካርድ ክፍል አዛውረውኛል። እዚያ ሰው ዕድሜውን ቀንሶ ከማስጻፍ በቀር የሚሰረቅ ነገር የለም። መምህሩንም ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ «ሹራቡ እኮ በእኔ ልክም አይደለም» ብለው ሳቁብኝ።

እግዚአብሔር አንተን ከቤትህ ያፈናቀለው እኔን ሊያስተምር ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ፤ እንዲህ ያለውን ወሬ አሁንም እጠረጥራለሁ። ለአንድ ተጠራጣሪ ትምህርት የአንተ ዓመት ብዙ ነው። የማውቀው ይሄን ያህል ነው፤ እኔ ይጣል ያልኩትን አንዲት ሴት ነቅነቅ አድርገው ጠየቁ። አንተ ደግሞ ያሳደድኩህ ሰውዬ እንዳልወድቅ ከሩቅ ሆነህ እህትህን አጠገቤ አቆምክልኝ። ሥራውን ይገልጣል ስትል ይሄን ከሆነ፣ አይቼዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት።

ፖስታው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ቁልፍ አለ፤ የቤታችን ነው። ለዚህ በር ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ እህትህ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ነበር። ይሄ የእኔው ነው። መንገድ ላይ ሰው ከፍቶ ይወስደዋል ብዬ በሦስት ማሸጊያ ላሽገው ነበር፤ እህትህ አየችኝና በአንዱ ተውኩት። ቤትህ ነውና በፈለግህበት ሰዓት ከፍተህ ግባ። እኔ እስክትመጣ አንኳኩቼ እገባለሁ።

የበደለህ ወንድምህ፣
የካርድ ክፍሉ ሰውዬ