ጠብታ ያለባት ጭልፋ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለጀሊላ ሰይድ
ኩታበር

አሰላሙ ዓለይኩም። የኩታበር ብርድ እንዴት ይዞሻል? የአባትሽ የሼህ ሰይድ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ለእርሱም ክሊኒኩ ኪኒን የለኝም ብሎ አሰናብቶኛል።

ከቤት ከወጣሽ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀንሽ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እንደ ልማዴ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እገባለሁ። ከፒያሳ በታች ያለው ቤታችን እንደ ዘጋሽው አለ። ጎረቤታችን አባይነሽ “ሙሄዲን፣ ዛሬስ መጣች?” ትለኛለች። “መንገድ ላይ ናት” እላለሁ። ከኩታበር ደሴ ሠላሳ ስምንት ቀን የሚያስኬድ መንገድ እንደሌለ እያወቀች ሽሮ ታወጣልኛለች።

የሄድሽበትን ምክንያት ሁለታችንም እናውቀዋለን። በሩ ላይ ቆመሽ፣ “በአላህ ይዤሃለሁ ሙሄዲን፣ ከቻይኖቹ ድስት አሳማ ቀምሰሃል ወይስ አልቀመስክም?” አልሽኝ። እኔም ምላሴ ቀደመኝና “አሳማው ራሱ እኔን ሊቀምስ ተሰልፎ ነው፤ ገና ተራው አልደረሰውም” አልኩሽ። አንቺ አልሳቅሽም። ጓዝሽን ቋጠርሽ።

ዛሬ መልስሽን እሰጥሻለሁ። መልሱ ያለው ግን አንዲት ጭልፋ ውስጥ ነውና መጀመሪያ ስለ እርሷ ታገሺኝ።

እንደምታውቂው፣ በቻይኖቹ የመንገድ ሥራ መጋዘን ሙሉ ማዕረግ ያለኝ ሽንኩርት ከታፊ ነኝ። ከአሰብ የመጣው ዕቃ ወደ ወልድያ እስኪሄድ እኛ ዘንድ ያርፋል፤ ዕቃውን የሚጠብቁት ሠላሳ ሰዎች ደግሞ ይበላሉ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ረጅም ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ምስማር፣ በየምስማሩ ዕቃ፣ ከየዕቃው በላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ነገር። ቢላዋ ያለ ቦታው ከተሰቀለ የወጥ ቤቱ አለቃ ጩኸት ሐረጎ ላይ ይሰማል። እኔ ጽሕፈቱን የጉንዳን ሰልፍ አድርጌ አልፈው ነበር።

ከዚያ ማ የሚባል ቻይናዊ መጣ። ማ ሁለተኛው ምግብ አብሳይ ነው፤ እኔ ስቀጠር ወባ ጥሎት ተኝቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከስቶ፣ ግድግዳ ይዞ ገባና፣ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “አሰላሙ ዓለይኩም” አለኝ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አጃኢብ ነው ጀሊላ! ፀሐይ ከምትወጣበት ጫፍ የመጣ ሰው፣ ከአያቶቹ አያት ጀምሮ ሙስሊም! ፋቲሓን ከእኔ አሳምሮ ይቀራል፤ እርሱስ ብርቅ አይደለም ትይኛለሽ።

ማ የሚያውቀው አማርኛ ሃያ ቃል ቢሆን ነው፤ ከሃያው አሥሩን እኔ አበላሽቼበታለሁ። ቃል ሲያልቅብን ጣቱን ውሃ ይነክርና የሲሚንቶው ወለል ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ጭልፋ አነሳና “ይሄ?” አለኝ።

“ጭልፋ።”

“ጪ-ፋ” አለና ጣቱን ነከረ። አጭር ጭረት ወደ ግራ አወረደ። ከጎኗ ሌላ አስነስቶ ወደ ቀኝ ወሰደው፣ ወደ ታች አጠፈው፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቀለበሰው። ትንፋሹን ያዘና መሃሉ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ጣለ። ይኸውልሽ፤ የጽሕፈቴን መወላገድ ይቅር በዪው፦

勺

ነጠብጣቧን ጠቆምኩና “ይቺስ?” አልኩት። ማ ከድስቱ ጨልፎ አፍንጫዬ ሥር አቀረበልኝ። ሾርባ! ነጠብጣቧ ሾርባዋ ናት። ሱብሃነላህ! ከስንት ሺህ ዘመን በፊት አንድ ሰው ጭልፋን ሊጽፍ ተቀመጠ፤ ባዶዋን ሊተዋት ግን አንጀቱ እንቢ አለው። የስልሳ ስድስቱን ክፉ ቀን አይተሻል፤ በአገራችን ስንት ጭልፋ ያቺን ጠብታ አጥታ ተሰቅላ እንደ ከረመች ታውቂያለሽ። ውሃው ደርቆ ጽሕፈቱ ሲጠፋ እኔ እዚያው እንደተንበረከክሁ ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርቱ መምህር ቀለሙ ከሐምሌ ጀምሮ ፊደል ሲያስቆጥረኝ ከቅጣት በቀር ተንበርክኬ አላውቅም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው አስጠሩኝ።

“የቻይና ጽሕፈት ትማራለህ አሉ።”

“አንዲት ጭልፋ ብቻ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ጭልፋዋ ተራማጅ ናት ወይስ ከላሽ አድኃሪ?”

“ወጥ ካለባት ተራማጅ ናት፣ ጓድ።”

ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉት። “ጉዳዩ ይጠናል” አሉ። ይህን ገጽ አንብበሽ ስታበቂ ቀደሽ ብትጥዪው አልቀየምም።

ጭልፋዋን ካወቅሁ ወዲያ ሰሌዳው አላስቀምጥ አለኝ። ቆሜ ሳነብ፣ አዎ ሳነብ፣ ሁለት ቦታ አገኘኋት። በአንደኛው ምስማር ላይ ብቻዋን ናት፤ በሌላው ከፊቷ ሁለት ጽሕፈቶች ቆመዋል። ማ ሁለቱን በጣቱ ነካና “ንጹሕ። ሐላል። ያንተ፣ የኔ” አለ። ብቻዋን ያለችውን ስጠይቀው አፍንጫውን በጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ እንደ አሳማ አንኮራፋ፤ ሳቀም።

እኔ አልሳቅሁም። ማ በታመመበት ሳምንት ጨው ስቀምስ የሰነበትኩት በዚያችው ነው። አለቃውን ድስቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ “ጎመን! ጎመን!” አለኝ፣ ጎመንም ይታየኝ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ ቀመስኩ።

በቀጥታ ወደ መስጊድ፣ ወደ ሼህ አብዱልወሀብ ሄድኩ።

“ሳታውቅ ነው?” አሉኝ።

“ሳላውቅ ነው።”

“አላህ መሓሪ ነው። አፍህን ታጠብ፣ ተውበት አድርግ፣ ሁለተኛ ሳትጠይቅ አትቅመስ።”

“ጠይቄ ነበር፣ ሼሃችን።”

“እንግዲያው ሁለቴ ጠይቅ።”

በአላህ ዘንድ ያለው ጉዳይ በዚህ ያለቀ ይመስለኛል። በአንቺ ዘንድ ያለው አላለቀም። ወደ ሼሁ የሄድኩት ማክሰኞ ነው፤ አንቺ በሩ ላይ የጠየቅሽኝ ሐሙስ። አውቅ ነበር ጀሊላ። እውነቱን ስነግርሽ ፊትሽ የሚሆነውን ፈራሁና በቀልድ ሸሸሁ። አንቺም የሄድሽው በአሳማው ምክንያት ብቻ አይመስለኝም።

መልሱ፦ ቀምሻለሁ። ሳላውቅ ቀመስኩ፤ አውቄ ዋሸሁሽ። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኢንሻአላህ ኩታበር እመጣለሁ። ለአባትሽ አንቺ እንዳትነግሪያቸው፤ እኔው ፊታቸው ተቀምጬ እናገራለሁ። ማ አብሬህ ልምጣና ምስክር ልሁንህ ብሎኛል፤ ቁርኣን ሲቀራ ቢሰሙት አባትሽ ይለሳለሱ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ከሰው ፋቲሓ ኋላ ተከልዬ አልገባም ብዬ ትቼዋለሁ። አልመለስም ብትዪም ጎረቤት ሰብስቤ አልከራከርሽም፤ ሰላምታ ሰጥቼሽ በመጣሁበት እመለሳለሁ።

አላህ አንቺን በጤና ያቆይልኝ፤ የአባትሽንም ዱዓ አያርቅብኝ።

ባልሽ፣ አሁንም ከሆንኩ፣
ሙሄዲን