እኅታችንን ያሻገረችው ጀልባ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለጌታሁን፣ ባለህበት በደቡብ አፍሪካ፤

ከተለያየን ሰባተኛው ዓመት ሲጋመስ፣ በመካከላችን የተዘረጋው የአገርና የወንዝ ብዛት ያላቀዘቀዘው የልቤ ሰላምታ ከደጃፍህ ይድረስ። ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ ወራት የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሰብለስ፣ ሕፃኑ ልጃችሁ በእምነትስ እንደምን አሉ? እኛ፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከሚያሰማው ድምፅ በቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አለን፤ ደክሞናል እንጂ አለን።

የምጽፍልህ ስለ ታላቅ እኅታችን ስለ እትዬ ሽታዬ ነው። እንደምታውቀው የአባያ ሐይቅ እየሞላ መጥቶ በሁምቦ ቆላ ያለውን ማሳዋን ከዋጠ በኋላ፣ ቤቷ በትንሽ ጉብታ ላይ ለብቻው ቀርቶ፣ ወደ መንደሩ የሚያወጣት መንገድ ከውሃ ሥር ሆነ። ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸው ሰውን በድምፁ ብቻ እስከ መለየት ደርሳ ሳለ፣ የኦቶና ሆስፒታል ሐኪሞች ሳትዘገይ ከመጣች በቀዶ ሕክምና እንደሚበራላት ቢነግሩንም፣ እርሷ የባሏን መቃብር ከማንጎው ሥር ትታ እንደማትወጣ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ግንድ አስረው በሚቀዝፉት ታንኳ ላይም ቀሚሷን አርጥባ እንደማትቀመጥ ቁርጧን ላከችብን። «ወንድሜ መምህር አይደለም እንዴ? ሰው የሚቀመጥበት ነገር ይሥራ» ማለቷን ስሰማ፣ የእጅ ሥራ ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁት ሽማግሌ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ መጋዝ አነሣሁ።

ከጎረቤቴ ከአናጢው ከዘሩባቤል ጋር በሶዶ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ የዋንዛ ሳንቃ ስንልግ፣ በምስማር ስናጋጥም፣ ክፍተቱን በጥጥና በሬንጅ ስንደፍን ከርመን፣ ሦስት ሰው የምትይዝ ጠፍጣፋ ጀልባ አወጣን። ባለቤቴ ዓመለወርቅማ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «ኖኅ ሆይ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» ትለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ግን የደጋ ሰው ስሕተት ነው። ጀልባዋን በአይሱዙ ወደ ቆላ ካወረድናት በኋላ፣ የዚያ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያልተጸለየበት ነገር ውሃ ባይነካ ይሻላል ብለው እስከ እሑድ እንድንቆይ ስለ ለመኑን፣ በዚያ በሚያነድ ፀሐይ አራት ቀን በአሸዋ ላይ አስቀመጥኋት። እሑድ ዘማሪዎች ተሰልፈው፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ «አሜን» ብለን ስንገፋት፣ ደርቆ የተኰማተረው ሳንቃ በየመጋጠሚያው ተላቅቆ ኖሮ፣ ሃያ እርምጃ ሳትርቅ ውሃው እስከ ጉልበቴ ሞላ። ሶርሳ የሚባል ዓሣ አስጋሪ «መምህር፣ እኛ ዓሣ የምንይዘው በመረብ ነው፤ እርስዎ በጀልባ ሊያጠልሉት መጡ?» ሲል ጉባኤው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከማልቀስ ብዬ ሳቅሁ። ነገር ግን ድንጋይ ሞልተን ሦስት ቀን ከዳር እንድናሰጥማት፣ እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ እንዲያብጥ የመከረኝ ይኸው ሰው ነው፤ ስናወጣትም፣ እውነትም ክፍተቱ ሁሉ ገጥሞ አገኘነው።

ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ፣ በማለዳ ሶርሳ ከኋላ እኔ ከፊት እየቀዘፍን ሄድን። ሽታዬ ከደጃፏ ቆማ «ይስሐቅ ነህ? እንዲህ የሚያለከልክ ሌላ ሰው አላውቅም» አለችኝ። የቦይና ሥር፣ ያንን የቆላ ጎደሬ፣ ቀቅላ ጠብቃን ነበር። ከበላን በኋላ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ ዳበሰቻት፤ የዘለለችው ምስማር ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ «እሺ እወጣለሁ፤ ግን ዓይኔ ሲበራ በዚችው ጀልባ መልሰህ ቤቴን ታሳየኛለህ። ቃል ግባልኝ» አለች። ቃል ገባሁላት።

ተራዋ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት በቤታችን ቆይታ፣ ትናንት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ ነገ ጠዋት ፋሻው ይፈታል። ዛሬ ግን ሶርሳ ዓሣ ይዞ ሶዶ ሲመጣ ከበር ውጭ ጠርቶኝ፣ ባለፈው ሐሙስ የተነሣው ማዕበል የቤቷን ግድግዳ ንዶት ቆርቆሮው ብቻ ጭቃ ላይ ተንጋሎ እንደ ቀረ፣ መቃብሩን ግን ውሃው ገና እንዳልነካው ነገረኝ። እርሷ አሁን ከጓዳ ሆና፣ ስትመለስ በሯን ምን ቀለም እንደምትቀባው ለዓመለወርቅ ታወራለች።

ወንድሜ፣ ደክሞኛል፤ መቅዘፊያው እንኳ የዚህን ነገር ያህል አላደከመኝም። ደብዳቤዬን ዓመለወርቅ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ዛሬውኑ ስለምትልክልህ፣ ለሽታዬ ከእኔ በፊት እንዳትነግራት አደራ። ነገ አንድ ቀን ብቻ ደስ ይበላት፤ ከነገ ወዲያ እኔው አጠገቧ ተቀምጬ እነግራታለሁ። ቃሌንም አላጥፍም፤ ወደ ፈረሰው ቤት ቢሆንም ቀዝፌ አደርሳታለሁ። አንተም በዚያ ቀን ስልክህን አትዝጋ፤ ስታለቅስ ከእኔ ይልቅ የምትሰማው አንተን ነው።

ሰብለን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ የበእምነትን ግንባር ሳምልኝ። ዓመለወርቅ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ ዘሩባቤልም ሰላም ብሎሃል። ሽታዬ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃ ስነግራት፣ «ነገ በስልክ ፊቱን ላየው ነውና ጢሙን ተላጭቶ ይጠብቀኝ በለው» ብላሃለች።

ታላቅ ወንድምህ ይስሐቅ
ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.