የቄሱ እንግዳ

ኅዳር 12 ቀን፣ ማክሰኞ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። ስወጣ ግድግዳው ይደግፈኛል፤ እሱንም የገነባሁት እኔው ስለሆንኩ ውለታዬን እየመለሰ ነው። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሉ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ነው እንጂ እጄ ደክሞ አይደለም። ስለዚህ «አባዬ፣ አጠገብህ ሰው ይኑር» የምትዪውን ነገር በዚሁ ዝጊው።

ስለ እናትሽ ወገን ቄሶች ያዘጋጀሽው የዘር ሐረግ ደርሶኛል፤ ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቄስ ከቄስ፣ ዲያቆን ከዲያቆን እየተያያዘ ሲወርድ አየሁት። ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ያን ሁሉ ሰው እንዴት ለቃቅመሽ እንደሰበሰብሽ ሳስበው ይደንቀኛል። ራሴንም ፈልጌ አገኘሁ፤ ከእናትሽ ጎን በአንዲት ቀጭን መስመር እንደ እርጥብ ሸሚዝ ተንጠልጥያለሁ። ግድ የለም። ለግንበኛ የቄስ ዘር አማች መሆንም ማዕረግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ወደ ኮረብታው ጀርባ እየተዛወረ ነው። ዘመድ የጠየቀው አፅም ለብቻው በክብር ያርፋል፤ ጠያቂ ያጣ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ይገባል። የመጨረሻው ቀን ያለፈው ቅዳሜ ነበር። ለእኛ ቤተሰብ ሦስት ቦታ ተሰጠን፤ አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ለቅድመ አያትሽ ለቄሱ፣ አንዱ ደግሞ ከእናትሽ ጎን ለኔ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ለቄሱ የሥጋ ዘመድ መሆኔን ጠየቀኝ። አማች ነኝ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሥጋ ዘመዱ ልጄ ናት። እሷ በሌለችበት እጇ እኔ ነኝ» አልኩት። እጄን ትንሽ አየና ጻፈ።

እናትሽን ሐሙስ ጠዋት አነሳናት። ስለሱ አልጽፍም። ደህና ናት።

ከዚያ ወደ ቄሱ ሄድን። ድንጋዩን ታውቂዋለሽ፤ መቅደሱ ጥግ ያለው፣ መስቀልና «ቄስ» የሚል ቃል የተቀረጸበት፣ ፎቶውን ከሐረጉ ራስ ላይ የለጠፍሽው። መቃብር ቆፋሪው ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ቀጮ ይለዋል። አፈሩን እንደ ዱቄት በቀስታ ሲያነሳ ቆየና ድንገት አቁሞ ጠራኝ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሚቀበረው ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ነው፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ የፀሐይ መውጫውን እንዲያይ። ቄስ ግን በተቃራኒው ይጋደማል፤ ሲነሣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዲያዞር። የዚህኛው አፅም ራስ ወደ ምዕራብ ነበር። አንገቱ አካባቢም የሴት ጉትቻ ተገኘ።

«አባባ፣ ቄሳችሁ ጉትቻ ያደርጉ ነበር?» አለኝ ቀጮ።

በምርኩዝ ልለው ነበር፤ ምርኩዝ ስለማልይዝ ተረፈ።

በቀጥታ ወደ አክስትሽ ሄድኩ፣ ወደ እናትሽ ታላቅ እህት። እንደምታውቂው ጆሮዋ ከብዷል፤ ጮኬ ጮኬ ጎረቤቱ ሁሉ ከሰማ በኋላ እሷም ሰማች። አልደነገጠችም።

«አገኛችኋት?» አለችኝ።

ነገሩን ከእናቷ፣ ማለት ከቄሱ ልጅ ነው የሰማችው። በአንድ ክፉ የወረርሽኝ ዘመን አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ከሌላ አገር የመጣች፣ ዘመድ የሌላት። ሌላው ሰው በሩን ሲዘጋ እሷ የበሽተኞቹን አንሶላ ታጥብ ነበር። በመጨረሻ በሽታው እሷንም ወሰዳት። የደብሩ ሽማግሌዎች በሽታው ለእኛም ይተርፋል ብለው ከአጥር ውጭ ትጣል አሉ። ቄሱ ደግሞ እንደ ጠንቃቃ ሰው መቃብሩን በቁሙ አስቆፍሮ፣ ድንጋዩን አስቀርጾ ጨርሶ ነበር። «የኔ ቦታ ባዶ ነው፤ ባለቤቱ ገና አልሞተም» አለና በገዛ እጁ ቀበራት። ማንም ደፍሮ እንዳያወጣት ደግሞ «ቄስ» የሚለውን ድንጋይ እላይዋ ላይ ጫነው። የራሱ ቀን ሲደርስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ሥር፣ ምንም ድንጋይ ሳታቆሙብኝ ቅበሩኝ አለ። ልጆቹንም እንዳያወሩ አስማላቸው፤ ሰጥቶ ማውራት መልሶ መውሰድ ነው ብሎ።

አንቺ ያን ያህል ስትለፊ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። «ልጅቷ ቄሶቹን ጠየቀችኝ፣ ቄሶቹን ነገርኳት። መቃብር መች ጠየቀችኝ?» አለችና ሻይዋን ፉት አለች።

ዓርብ ቀን በሩ ሥር ቆፈርን። ቦታው ሥርና ኮረት የተቆላለፈበት ነው፤ የቀጮ አካፋ እጀታው ተሰበረ። እዚያው አገኘነው። ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ ፊቱ ወደ ሕዝቡ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ። ቀጮ ቆቡን አወለቀ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መሠረት ጥያለሁ፣ የሌሎችንም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መሠረት ግን አላየሁም ልጄ። አንቺ የሰበሰብሽው ሐረግ ሁሉ የቆመው በዚህ ሰው ላይ ነው፤ ኩሪበት።

ቅዳሜ ጸሐፊው ዘንድ ተመለስኩ። ቄሱን መዘገበ። ስለ ሴትዮዋ ሳነሳበት ምኔ እንደሆነች ጠየቀ።

«የቄሱ እንግዳ ናት። እንግዳ ተቀብሎ ውጭ መጣል በቤታችን የለም» አልኩት።

«አባባ፣ የተሰጣችሁ ሦስት ቦታ ብቻ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሦስት ይበቃል» አልኩት።

ስለዚህ ቄሱ ከላይ፣ እናትሽ መሃል፣ ሴትዮዋ ከእናትሽ ጎን አረፉ። ቦታው ነፋሻ ነው፤ ከታች ከተማው ይታያል። ለኔ አታስቢ፤ ግንበኛ ጥግ አያጣም።

የቅድመ አያትሽ በረከት ይደርብሽ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ቤትሽን እንግዳ አይራቀው። ስትችዪ ነይ፤ ባትችዪም እኔ ደህና ነኝ።

ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁና ሰው ልቅጠርልህ እንዳትዪኝ። ለቀጮ አዲስ የአካፋ እጀታ እጠርብለታለሁ። አክስትሽን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ አዲሱን ቦታ አሳያታለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ትሰድበኛለች፣ ልቻለው። የሴትዮዋን ስም የሚያውቅ ስለሌለ ድንጋይዋ ላይ ምን እንደምቀርጽ አስቤ በእጄ እቀርጽላታለሁ። ለእናትሽ ደግሞ ጎኗን ለማን እንደሰጠሁት ገና አልነገርኳትም፤ እሱንም ራሴ እነግራታለሁ።

አባትሽ